«አፈር ለመለካት ነው አምስት ዓመት የተማርሽው?»

ከአዴት የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ በውኃ ሀብትና መስኖ ምህንድስና ከተመረቀች ዓመት አልፏታል። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ዕድል አግኝቻለሁ። አንድ መምህር በቦረቦር መሬት ላይ የምርምር ፕሮጀክት አላቸው። የመመረቂያ ጽሑፌን እዚያ እንድሠራ ጠይቀውኛል። በወር ትንሽ የኪስ ገንዘብ አለው ተብሏል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በሚያውቀው ሰው በኩል ባንክ ቤት ሥራ አግኝቶልኛል። ደመወዙ ከኪስ ገንዘቡ ከእጥፍ ይበልጣል። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከእኔ በታች ሁለት ልጆች አሉ። ስለ ምርምሩ ስነግረው ‹አፈር ለመለካት ነው አምስት ዓመት የተማርሽው? ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው› አለኝ። መልስ አጣሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ኮምፒውተር ላይም ብዙ አልሠራሁም። መንገዱም እንደሚያውቁት ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ገንዘቡ እመጣበታለሁ፤ አልሸሸውም። መጀመሪያ ግን ወንድምሽ የጠየቀሽን እኔ ልመልስ። ጥያቄው የቆየ ቁስሌን ነው የነካው።

እኔም እንዳንቺ መስኖ ነው የተማርኩት። ተመርቄ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገባሁና ስድስት ዓመት ቆየሁ። ሥራዬ ሪፖርት ነበር። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ። በእነዚያ ዓመታት አንዲት አነስተኛ የአፈር ግድብ ተሠራች። ንድፏን አይተው ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። ስለ ደለሉ የተጻፈው ቁጥር ከሌላ ቦታ ሰነድ የተቀዳ ነበር። ያ ወንዝ በክረምት ምን ያህል አፈር እንደሚያወርድ ሄዶ የለካ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። በአምስተኛው ክረምት ግድቧ በደለል ሞላች። አንድ ሽማግሌ እላይዋ ላይ በበቀለው ሣር ከብታቸውን እያስጋጡ «ልጄ፣ መስኖ ትሆናለች ያላችሁን ግጦሽ ሆነችልን» አሉኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በቀስታ ነው የነገሩኝ።

በዓመቱ ሥራዬን ለቅቄ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ወንዝ ዳር ቆሜ ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ ቀዳሁ። አጣራሁት፣ ዝቃጩን አደረቅኩት፣ መዘንኩት። አዎ፣ አፈር ለካሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት እንጀራ ሁሉ ከዚያ ክረምት የመጣ ነው።

እናቶቻችን አጥብቀው ሲለምኑ «አፈር ስሆን» ይላሉ። ከአፈር በታች ዝቅ የሚባልበት ቦታ የለም ማለታቸው ነው። የወንድምሽም ጥያቄ ውስጥ ያው ስሜት አለ፤ አፈር የተማረ ሰው የማይነካው ነገር ነው የሚል። አንቺን ያስተማረው ብር ግን ከጤፍ ከሆነ ከዚያው አፈር ወጥቷል።

አሁን ወደ ምርምሩ። ከአዴት ባሕር ዳር ስትሄጂ ደብረ ማዊን ታልፊያለሽ። እዚያ ያለው ተፋሰስ፣ ማለትም ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት መሬት፣ 523 ሄክታር ነው። በ2000 ዓ.ም. የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በተፋሰስ አያያዝ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ጀመረ። በዚያው ዘመን ከተጠኑት ቦታዎች አንዱ ደብረ ማዊ ነው።

አጥኚዎቹ መጀመሪያ ገበሬዎቹን እዚያ ያለው ቦረቦር፣ ማለትም ውኃ ሰርስሮ ያወጣው ገደል፣ መቼ እንደጀመረ ጠየቁ። ስፋቱን በሳተላይት ምስልና በጂፒኤስ ለኩ። ከዚያ ፒዞሜትር የሚባሉ ቱቦዎች መሬት ውስጥ ቀብረው የከርሰ ምድሩ ውኃ የት ድረስ ከፍ እንደሚል ተከታተሉ። ቦረቦሩ እ.ኤ.አ. በ2005 የያዘው 0.65 ሄክታር ነበር። በ2008 1.43 ሄክታር ሆነ። በእኛ በቃዳ ቁጠሪው፤ አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው፤ በሦስት ዓመት ሦስት ቃዳ ያህል መሬት ገደል ሆነ። ከቦረቦሩ የሄደውን አፈር በአቅራቢያው ካለ ማሳ ላይ ታጥቦ ከሚሄደው ጋር ሲያስተያዩት 20 እጥፍ ገደማ ነበር።

እኔን ከሁሉ የያዘኝ የቱቦዎቹ ነገር ነው። በክረምት የከርሰ ምድሩ ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ በሆነበት ቦታ ግድግዳው ይናዳል። ከወለሉ በታች በሆነበት ቦታ ባለበት ይጸናል። ስለዚህ ገደሉን የሚያሰፋው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም። የጠገበው መሬት ራሱ ከውስጥ ይገፋል። «መሬቱ ጠገበ» የሚለውን ቃል ከገበሬ አፍ ስትሰሚ አድገሻል። ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ በትንሽ ካፊያ ገደል ሲናድም አይተሻል። ቱቦው ያንን በሜትር አስቀመጠው።

በሜትር መቀመጡ ምን ይጠቅማል? ጥር በገባ ቁጥር ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ወጥቶ እርከን ይቆፍራል። ብዙ ጉልበት ነው፤ የእናቶችና የአባቶች ጉልበት ነው። አፈሩ በብዛት የሚሄደው ታች ውኃ ከሚያቁረው መሬት ላይ ካለው ቦረቦር ከሆነ፣ ላይኛውን ማሳ ብቻ መቆፈር አይበቃም። እንዲያውም እርከኑ ውኃውን ወደ ውስጥ ሲያሰርገው የታችኛው መሬት ቶሎ ሊጠግብ ይችላል። እንግዲያው የቦረቦሩን ግንባር ቀድሞ መያዝ ይመጣል። ቀጥ ያለውን ገደል ተዳፋት ማድረግ፣ ድንጋይ ማልበስ፣ ሣር መትከል፣ ከብት ማራቅ። የቱን ቦረቦር ቀድመን እንያዝ፣ ስንት ሰው ስንት ቀን ይሥራ የሚለውን የሚመልሰው የለካ ሰው ነው። የለካ ሰው ከሌለ እኔ በወረዳ ሳለሁ እንዳደረግኩት ከሌላ ሰነድ ይቀዳል።

በመደርደሪያው ነገር ወንድምሽ ግማሽ እውነት አለው። ገጹ ሳይገለጥ አቧራ የጠጣ ጽሑፍ በእጄ አራግፌ አውቃለሁ። እንዲህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ቢሮ ተቀምጠው ሲመልሱት ነው። ከመሬት የተለካ ቁጥር ግን ዕድሜው ረጅም ነው። ደምበጫ አካባቢ አንጀኒ የምትባል 113 ሄክታር ተፋሰስ አለች። የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲና የእኛ ግብርና ሚኒስቴር በ1976 ዓ.ም. ገደማ ዝናቧን፣ ወንዟንና ደለሏን መመዝገብ አስጀመሩ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ፋንያጁ የሚባለው፣ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን ተሠራባት። እርከኑ አፈር እየያዘ ከዓመት ወደ ዓመት ጠረጴዛ መሰለ። መዝገቧ ያኔ ያልተወለዱ ተማሪዎች መመረቂያ ሆኗል። በየቀኑ የመለኪያውን ቁጥር ያነበቡት ሰዎች ማን ይጠቀምበታል ብለው እንዳነበቡት እንጃ፤ ግን ስላነበቡት አለ።

ስለዚህ ምርምሩ ዋጋ አለው ወይ በሚለው ራስሽን አታድክሚ። ውሳኔሽን በክረምቱ ላይ አንጠልጥዪው። በሁለት ዓመት ትምህርት ውስጥ ለልኬት የሚሆንሽ አንድ ክረምት ብቻ ነው። መጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልቃል። ሰኔ ሲገባ መስክ ትወርጃለሽ። በሚቀጥለው ሰኔ ጽሑፍሽን አቅርበሽ መጨረስ አለብሽ። ያ አንድ ክረምት ካመለጠሽ ወይ ዓመት ትጨምሪያለሽ፣ ወይ በሰው ቁጥር ትመረቂያለሽ። የኋለኛው ነው መደርደሪያ ላይ የሚቀረው።

እንግዲህ መምህሩን ሂጂና ጠይቂያቸው። መሣሪያዎቹ ባሕር ዳር ገብተዋል ወይስ ገና በግዥ ላይ ናቸው? በግዥ ላይ ያለ መሣሪያ ለሰኔ ይደርሳል ብለሽ አትመኚ፤ እኔ ተመኝቼ ስንት ተማሪ ሲያለቅስ አይቻለሁ። የኪስ ገንዘቡና የመስክ አበሉ በጽሑፍ ይሰጥሻል? ለስንት ወር? የሰበሰብሽው መረጃ ሲታተም ስምሽ ይኖርበታል? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ አማካሪ እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ይወዳል። የሚቆጡ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ማወቅሽ በጀ።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። በግልጽ እናገራለሁ፤ ቅር አይበልሽ። ወንድምሽ አስተምሮሻል፤ ይህ ውለታ ሁልጊዜም አለ። ግን ከፍሎ ያስተማረ ሰው የተማረውን ሰው ሥራ አልገዛም። አምስት ዓመት ለምህንድስና የወጣን ገንዘብ ባንክ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ለእሱም ኪሳራ ነው። የባንክ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ አካውንቲንግ የተማረ ልጅ ያድግበታል። አንቺ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ምህንድስናው ይጠፋብሻል፤ በባንኩም መንገድ ከአንቺ የቀደሙ ይበዛሉ። ሠላሳ ከሞላቸው በኋላ «ወደ ሙያዬ ልመለስ» ብለው የሚመጡብኝን መሐንዲሶች ፊት አውቀዋለሁ።

ይህን ስል የወንድምሽ ድካም አይታየኝም ማለት አይደለም። ታናናሾችሽም ነገ ደብተርና ጫማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በወሬ አትከራከሪው፤ በቁጥር አነጋግሪው። ከኪስ ገንዘብሽ በየወሩ ለልጆቹ ምን ያህል ትልኪያለሽ? ትንሽ ትሁን፣ ግን ቀኗ ትታወቅ። ከመቼ ጀምሮ የአንደኛውን ልጅ ወጪ ሙሉ በሙሉ እንደምትሸከሚ ወሩን ጠርተሽ ንገሪው። «ሁለት ዓመት ታገሠኝ» ብትዪው ልመና ይሆንበታል። ወርና ብር ከጠራሽለት ግን አብሮሽ ያሰላል።

ገንዘቡ በጽሑፍ ካልተሰጠሽ ግን ባንኩን ያዢ። ለአንድ ዓመት ብቻ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ምዝገባ ከአሁኑ ቆርጠሽ። ቤት ውስጥ ልጅ እየተቸገረ በባዶ እጅሽ ትምህርት ግቢ አልልሽም።

ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ የት ይገኛል ትዪኝ ይሆናል፤ ሜጫ ላይ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ዓባይ ወደዚያ ከሚያወርደው ደለል የጎጃም ቀይ አፈር ድርሻ አለው። ደለል መለካት የሚችል ሰው ገና ብዙ ይፈለጋል። ቅጥሩ ወዲያው ይመጣል ብዬ አልዋሽሽም። እዚያው አዴት ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ግን ከአሁኑ ሄደሽ ተዋወቂው፤ ጎረቤትሽ ነው።

እንግሊዝኛሽ በሳምንት አንድ የጥናት ጽሑፍ እስከ መጨረሻው በማንበብ ይስተካከላል። መጀመሪያ ስለ ደብረ ማዊ የተጻፉትን አንብቢ፤ አገሩን ስለምታውቂው ቃሉ አያስቸግርሽም። ለኮምፒውተሩ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል። የሴንቲኔል ሳተላይት ምስልም በነፃ ነው። ለትምህርቱ ከመመዝገብሽ በፊት ጀምሪው።

የመንገዱ ነገር ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ዝናቡን በየቀኑ የሚያነብ የአካባቢው ልጅ ተቀጥሮ እንደሆነ መምህሩን ጠይቂ። መንገድ ሲዘጋ ልኬቱ ያለ አንቺ መቀጠል አለበት። ለአንድ ቁጥር ብለሽ በማይሆን ቀን እንዳትወጪ።

አሁን ነሐሴ ነው፤ መሬቱ ጠግቧል። ሰላም በሆነ ቀን ወንድምሽን ይዘሽው ደብረ ማዊ ላይ ውረዱ። ከቦረቦሩ ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ በዚህ ወር ይናዳል። ያንን ጥያቄ እዚያ ቆሞ ይጠይቅሽ። መምህሩ የመለሱልሽን ደግሞ ጻፊልኝ፤ በተለይ የመሣሪያዎቹን ነገር።