የባትሪ እርሳስና የሕፃኑ ሆድ፦ ወተት የማያጥበው ብናኝ

ጥያቄው የደረሰን ከአዳማ ነው። ጠያቂው በተከራዩበት ግቢ ውስጥ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እየከፈቱ፣ የሞተውን ሴል (ከባትሪው ክፍሎች አንዱን) በደህና ፕሌት፣ ማለትም በእርሳስ ሰሌዳ፣ እየተኩ፣ እርሳሱንም በከሰል ምድጃ እያቀለጡ ሞርሴቶው (የገመዱ መያዣ) የሚታሰርበትን ጫፍ እንደገና የሚያወጡ ሠራተኛ ናቸው። የሦስት ዓመት ልጃቸውን ከሁለት ወር ወዲህ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይደርቅበታል፤ መጫወትም ቀንሷል። ጤና ጣቢያ ወስደውት የደም ማነስ አለበት ተብሎ የብረት ሽሮፕ ቢታዘዝለትም ለውጥ አላዩም። እርሳቸውም ማታ ማታ መገጣጠሚያቸውን እንደሚያማቸውና አፋቸው ብረት ብረት እንደሚል ጽፈዋል። «ጓደኞቼ በየቀኑ ወተት ጠጣ፣ መርዙን ያጥበዋል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ጭሱ እንዳይጎዳኝስ ምን ዓይነት ጭምብል ልግዛ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ወንድሜ፣ ከጭምብሉ በፊት ልጁ ይቀድማል። ነገ ሳይሉ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱትና ለሐኪሙ ሥራዎ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠሩትም ጭምር ይንገሩ። የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ተሳስተዋል አልልም፤ የደም ማነሱ በእርግጥ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን እርሳስ ራሱ ደም ያሳንሳል፤ የተለመደው የደም ምርመራም ማነሱን እንጂ ያሳነሰውን እርሳስ አያሳይም። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን የሚለካውን ምርመራ በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውጤቱ የሚነገረው በማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ውጤቱ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ መቋረጥ አለበት፤ 45 እና ከዚያ በላይ ለሆነበት ሕፃን ደግሞ እርሳሱን ይዞ በሽንት የሚያወጣ መድኃኒት እንዲሰጠው ይመከራል። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ውጤት አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑም እርሳቸውም ይመርመሩ፤ በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ከእናቲቱ አጥንት ሲወጣ ተኝቶ የነበረው እርሳስ አብሮት ወጥቶ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

አሁን ወደ ወተቱ ልመለስ። እኔም በልምምድ ዘመኔ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሊትር ወተት ጠጥቼ ነው ባትሪ የምከፍተው ነበር፤ ጋራዥ ውስጥም ቀለም ቤት ውስጥም ይህ እምነት የጸና ነው። ወተት ግን ወደ ደም የገባውን እርሳስ አያጥብም። ከእምነቱ ውስጥ አንዲት ፍሬ እውነት አለች፤ ካልሲየምና ብረት የጎደለው፣ ሆዱም ባዶ የሆነ ሰው የዋጠውን እርሳስ በርከት አድርጎ ስለሚመጥ፣ በልቶ መሥራት ሳይበሉ ከመሥራት ይሻላል። ከዚያ አልፎ ወተቱን እንደ መከላከያ ቆጥሮ ባልታጠበ እጅ ብርጭቆውን ማንሳት፣ በወተቱ ላይ እርሳሱን ጨምሮ መጠጣት ነው።

ለምን እንደማይታጠብ ለመረዳት እርሳስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም፤ እንደ ካልሲየም ተቀብሎ በደም ያዞረውና አጥንትና ጥርስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በደም ውስጥ ያለው ግማሹ ለመቀነስ አንድ ወር ያህል ሲፈጅበት፣ አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በነርቮች መገናኛም የካልሲየምን ቦታ ስለሚወስድ የሕፃን አእምሮ እድገት ይታወካል፤ የደምን ቀይ ቀለም የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ስለሚያግድ ደም ያንሳል፤ የአንጀት እንቅስቃሴ ስለሚዛባም ቁርጠትና ድርቀት ይመጣል። ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ የሚመጠው ትልቅ ሰው ከሚመጠው አራትና አምስት እጥፍ ስለሚሆን፣ እርስዎ በመገጣጠሚያ ሕመም ያለፉት ብናኝ ልጁን ሊጥለው ይችላል። (በነገራችን ላይ ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ስሙ ብቻ ነው እርሳስ፤ ውስጡ ግራፋይት ነው።)

ጥያቄዎ ስለ ጭሱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይበልጡን ብናኙ ነው። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እሳቱ ከዚያ ብዙ ካላለፈ የሚተነው ጥቂት ነው፤ በጋዝ መበየጃ ሲመታ ወይም ከሰሉ በንፋስ ሲጋል ግን በዓይን የማይታይ ጢስ ይበዛል። ከሁሉ የከፋው በፕሌቱ ፍርግርግ ላይ የተለጠፈው ቡናማና ግራጫ ጭቃ ነው። እርጥብ ሳለ ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ ከዱቄት ይልማል። ቱታዎ ላይ፣ ጫማዎ ሥር፣ ጥፍርዎ ውስጥና ጸጉርዎ ላይ ተቀምጦ ወደ ቤት ይገባል። ልጁ ከደጅ ሮጦ መጥቶ እግርዎን ሲያቅፍ ፊቱ የሚያርፈው እዚያ ቱታ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እጅዎን በውሃ ለቅለቅ አድርገው ያጎረሱትም ጉርሻ ያንኑ ይዞ ይሄዳል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ሠላሳ ዓመት ባትሪ የከፈቱ ነበሩ። ወደ መጨረሻው ላይ ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጣቶቻቸው መጨበጥ አላቃታቸውም፣ እጃቸውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ግን አልቻሉም። ቡና ሲቀርብላቸው በግራ እጃቸው ቀኙን ደግፈው ነበር ሲኒውን ወደ አፋቸው የሚያደርሱት። እኛ «ብርድ መታቸው» እንል ነበር። ድዳቸው ላይ በጥርሱ ሥር የሚሄድ ሰማያዊ የመሰለ መስመርም ነበረ፤ ሁለቱም የቆየ የእርሳስ መመረዝ ምልክቶች መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ብቻውን አይደለም። ፍርግርጉ እንዲጠነክር አንቲሞኒ፣ አንዳንዴም ጥቂት አርሰኒክ ይቀላቀልበታል። አርሰኒክ ጠባዩ ከእርሳስ ይለያል፤ እርሳስ አጥንት ውስጥ ሲደበቅ፣ አርሰኒክ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣል፤ ነገር ግን በቆይታው ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡትን ኢንዛይሞች ስለሚይዝ በየቀኑ የሚገባበት ሰው ከጊዜ በኋላ የመዳፉና የውስጥ እግሩ ቆዳ ይጠነክራል፣ እንደ ኪንታሮትም ያወጣል፤ ለቆዳ፣ ለሳንባና ለፊኛ ካንሰርም ይጋለጣል። ለእኛ ሙያ አጣዳፊው አደጋ አርሲን የሚባለው ጋዝ ነው። አርሰኒክ ያለበት ባትሪ ከልክ በላይ ቻርጅ ተደርጎ ሲፈላ፣ ወይም ከቀለጠው እርሳስ ላይ የተገፈፈው ገለፈት ውሃ ሲነካው ሊወጣ ይችላል። ጋዙ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ከሥራ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም መጥቶ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከቀላ፣ ያ ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለበት። ስለዚህ ገለፈቱን በውሃ አያቀዝቅዙት፤ በደረቁ ይቀዝቅዝ። የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎችንም ከዚሁ እሳት ጋር አያገናኙ፤ የካድሚየም ጢስ ሳንባን፣ ቆይቶም ኩላሊትን ይጎዳል።

«በግቢዬ የምሠራው ጥቂት ነው» እንዳይሉኝ የዳካርን ነገር ላንሳ። በሴኔጋል ዋና ከተማ አጠገብ ባለችው ቲያሮዬ ሱር ሜር ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ የተራረፈውን እርሳስ ከአፈር እያነፈሱ በየቤታቸው ያቀልጡ ነበር፤ በ2007 መጨረሻና በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። ገዳዩ ፋብሪካ አልነበረም፤ የሰፈር ምድጃና ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ነበር።

እንግዲህ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፤ ልጅ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ባትሪ መክፈትና እርሳስ ማቅለጥ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ጥንቃቄ አክሎ መቀጠል የሚባል መካከለኛ መንገድ ለዚህ ግቢ የለም። ገቢዎ እንዳይቋረጥ ቻርጅ ማድረጉን፣ ዲስቲልድ ውሃ መሙላቱን፣ ሞርሴቶ ማጽዳቱንና ሴል መለካቱን በአየር በሚናፈስ ሱቅ ይያዙ፤ የሞተውን ባትሪ ሳይከፍቱ፣ አሲዱንም ሳያፈስሱ እንዳለ ለሚሰበስቡ ድርጅቶች ያስረክቡ። ሙያችን ነውና እውነቱን እንነጋገር፤ አንድ አዲስ ሴል ከአምስት የደከሙ ጋር አገናኝተን የምንሸጠው ባትሪ ደንበኛውን ለስንት ወር ያገለግለዋል?

ግቢውን ሲያጸዱ በደረቁ አይጥረጉ፤ መጥረጊያ ብናኙን ያነሳዋል። ወለሉን፣ የመስኮቱን ደፍና የልጁን መጫወቻዎች በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ውሃውን ደጋግመው ይለውጡ፤ ጨርቁን መልሰው ለቤት አይጠቀሙበት። ምድጃው የነበረበት አፈር ከላይ ተገፍፎ በከረጢት ታስሮ ይውጣ፤ የቀረው በሲሚንቶ ይሸፈን፤ እዚያ አጠገብ የተተከለ ጎመን ካለም አይበላ። ቱታና ጫማ ከሱቅ አይውጡ፤ ሲታጠቡም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይደባለቁ። ከሥራ ቦታ ገላዎን ታጥበው፣ ጥፍርዎን በብሩሽ ፈትገው ይውጡ። በሥራ ሰዓት ሲጋራም ጫትም አይያዙ፤ እጅና አፍን የሚያመላልሱ ናቸውና።

ጭምብሉን በተመለከተ፣ የጨርቁም የሕክምናውም ጭምብል የእርሳስ ጢስ አያግድም። ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ፒ 100 የሚል ማጣሪያ ያለው ጎማ ጭምብል ነው የሚያገለግለው፤ እርሱም ጺም ካለ አየር ያስገባል። የሚከላከለው ግን እርስዎን ብቻ ነው፤ ቤት የተቀመጠውን ልጅ ምንም አይጠቅመውም። እርሳስ ያወጣል ተብሎ የሚሸጥልዎትን እንክብልም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ለልጁ አይስጡ፤ እርሳስ የሚይዘው መድኃኒት በሐኪም ክትትል ካልሆነ ኩላሊትና ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ምንጩ ሳይቋረጥ መውሰዱም ትርፉ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። እርሳስ ያቀለጡበትን ብረት ድስትና ጭልፋ አጥበው ወደ ማዕድ ቤት አይመልሱ፤ እንዳለም ለቆራሊዮ አይስጡ፤ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ቤት ወጥ ሊሠራበት ይችላል። ታቹን በምስማር ቀዳድተው፣ ከባትሪዎቹ ጋር አብረው ያስረክቡት።