ማን ብለው ይጥሩት? የፊልም ገጸ ባሕርያት ስም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ሲሆኑ፣ ሁሉም ለፊልም ጽሑፍ ገጸ ባሕርያት ስም ስለ ማውጣት ይጠይቃሉ። ሰፋ ያለ መልስ የሚሹትን ሰፋ አድርገን፣ አጭር የሚበቃቸውን በአጭሩ መልሰናል።

ጥያቄ፦ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ጽፌ ጨርሻለሁ። ዋናዎቹ ሰዎች አበራ፣ አልማዝ፣ አለሙ፣ አስቴርና አሚር ናቸው። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ገጽ 15 ሳይደርሱ «ማን ማን እንደሆነ ተምታታብን» አሉኝ። ጥፋቱ የስሞቹ ነው ወይስ የታሪኩ? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ታሪኩን አላየነውም፤ ስሞቹ ግን ለብቻቸው ይበቃሉ። አምስቱም በ«አ» ይጀምራሉ። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ስሙን ከዙሪያው መግለጫ ጋር እየለመደው ይሄዳል። የፊልም ጽሑፍ አንባቢ ግን ከንግግሩ በላይ የተቀመጠውን ስም ገረፍ አድርጎ አይቶ ወደ ንግግሩ ይወርዳል፤ የሚይዘው የመጀመሪያውን ፊደልና የስሙን ርዝመት ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉት ስሙን በትልልቁ ፊደል ይለዩታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው መለያችን ቦታውና ድምቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙን መሐል አድርገው ያድምቁት፤ ነገር ግን «አበራ»ና «አለሙ»ን ድምቀት አይለያቸውም።

የገጸ ባሕርያቱን ስም ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ወደ ታች ይደርድሩና በመጀመሪያ ፊደላቸው ይመድቧቸው። ታሪኩን ከሚሸከሙት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዎች መካከል ሁለቱ በአንድ ፊደል ባይጀምሩ ይመረጣል። «ሀ»ን ከ«ሐ»ና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ»፣ «አ»ን ከ«ዐ» ነጥለው አይቁጠሩ፤ ጆሮ አይለያቸውም። ቀጥሎ መጨረሻቸውን ይዩ። ጥሩነሽና ብዙነሽ በተለያየ ፊደል ቢጀምሩም እኅትማማች ይመስላሉ፤ እኅትማማች ካልሆኑ አንዷን ይቀይሩ። ከዚያ ርዝመታቸውን ያመጣጥኑ፦ አንዱ ሁለት ፊደል፣ ሌላው ሦስት፣ ሌላው አምስት ቢሆን ዓይን ያርፋል።

ለእርስዎ አስቴርን እንዳለች እንተዋት። አበራን «ደምሴ»፣ አልማዝን «ጥሩወርቅ»፣ አለሙን «ሙሉጌታ»፣ አሚርን «ሳሊህ» ብለው ቢቀይሯቸው ችግሩ በአንድ ምሽት ያልቃል። ሲቀይሩ ግን «ፈልግና ተካ» የሚለውን የኮምፒውተር ትእዛዝ አይመኑት። «አበራ»ን በ«ደምሴ» በአንድ ጊዜ ካስተኩ «መብራቱን አበራ» ያሉት ዓረፍተ ነገር «መብራቱን ደምሴ» ሆኖ ያገኙታል። «ላበራ ነገረችው» እና «ያበራ ጫማ» ብለው አዋሕደው የጻፏቸው ደግሞ «ለአበራ»፣ «የአበራ» ስላልተባሉ ሳይነኩ ያልፋሉ። ማሽኑ እያንዳንዱን እያሳየ እንዲጠይቅዎ ያድርጉ፤ በመጨረሻም «በራ» የሚለውን ብቻ ፈልገው የተረፈውን ይልቀሙ።

ከዚህ የማይለይ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ስሞቻችን ራሳቸው የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። «ደስታ ከቤት ጠፋ»፣ «ሰላም የለም»፣ «ትዕግሥት አለቀሰች» ከሚሉት ሦስተኛው ብቻ ነው ግልጽ፤ ግሱ አጋለጠልን። እንዲህ ያለ ስም ለዋና ሰው ካወጡ፣ ስሙ ከግሱ ጋር በቀረበ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለው አንብበው ይፈትኑት።

የመጨረሻው ፈተና የጆሮ ነው። ጽሑፉን ያላየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አሥር ገጽ ሲነበብለት «አሁን የተናገረው ማነው?» ብለው አራት አምስት ጊዜ ያቋርጡት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ አንዱን በሌላው ከተሳሳተ፣ የተምታቱበት እነዚያ ሁለት ስሞች አብረው መኖር የለባቸውም።

ሁሉም ሰው ስም አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ «ሳንቲም የለኝም» የሚለው ሰው «የባጃጅ ሾፌር» ይበቃዋል። ስም ከሰጡት አንባቢው ተመልሶ ይመጣል ብሎ ሲጠብቀው ይከርማል።

ጥያቄ፦ ታሪኬ ጀጎል ውስጥ ነው። አንድ የሐረሪ ቤተሰብ፣ በኤረር በር በኩል የሚገባ ኦሮሞ ገበሬ፣ የሶማሌ ነጋዴ እና አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ አሉበት። ሙስሊሞቹን ሁሉ አሕመድና ፋጡማ ማለት ሰለቸኝ። ለየት ያለ ስም ስፈልግ ደግሞ ከመዝገብ ላይ የተለቀመ ያስመስልብኛል። (ከሐረር)

መልስ፦ አሕመድና ፋጡማን አይጥሏቸው። በሐረርና በድሬ የመጀመሪያው ስም ሰውየው ከየት እንደሆነ እንዲናገር መጠበቅ ነው ስሕተቱ። አሕመድ ዩሱፍ ሐረሪም፣ ኦሮሞም፣ ሶማሌም፣ አርጎባም፣ ዓረብም ሊሆን ይችላል። «አብዲ» እንኳ ከኦሮሞውም ከሶማሌውም ቤት ይገኛል፤ በአማርኛ ሲጻፍም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው በአያት ስምና በአጠራር ነው። አሕመድ ዩሱፍ ሮብሌ ሲባል ሶማሌነቱ ይሰማል፤ አሕመድ ሙሜ ቶላ ሲባል የሐረርጌ ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዋና ሰው እስከ አያት ሦስት ስም ያውጡለት። ሦስቱ አንድ ላይ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ቀበሌ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ቢሰሙ ይበቃል። እርስዎ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሊያውቋቸው ይገባል።

ትልቁ ሥራ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው መወሰን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይያዙና አምስት መስመር ይሙሉ፦ መታወቂያው ላይ ያለው፤ እናቱ የምትጠራው፤ የሠፈር ጓደኞቹ የሚሉት፤ ከእሱ የሚያንስ ሰው የሚለው፤ የተጣላው ሰው የሚለው። ሐረሪ ቤት ውስጥ አባት «አው»፣ እናት «አይ» ናቸው። የሶማሌው ልጅ እናቱን «ሆዮ» ይላል። የክርስቲያኑ ቤት ልጅ ጎረቤቱን «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ሳይል ስሙን ብቻ አይጠራም። ለሽማግሌው «ሐጂ» ወይም «ሼህ» ከተባለ ስሙ ራሱ ሊቀር ይችላል፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ብሎ ይጨርሰዋል። ሶማሌዎች ዘንድ ቅጽል ስም ከትክክለኛው ስም በላይ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜም ከሰውነት ይነሣል፤ ረጅሙ «ዴሬ»፣ ግራኙ «ጉሬ» ይባላል። ኢማም አሕመድም ለሶማሌው ጉሬ፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ግራኝ ናቸው። ቅጽል ስሙ ግን በፊልሙ ላይ ከሚታየው ተዋናይ ጋር መግጠም አለበት፤ አጭር ተዋናይ «ዴሬ» ከተባለ ወይ ቀልድ ይሁን ወይ ይቀየር።

ይህ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ በሁለት መስመር እንይ። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ እንዲህ ተጽፎ ቢመጣ፦

ዘይነባ፦ አብዱልቃድር፣ እባክህ የቲማቲሙን ሒሳብ ስጠኝ።
አብዱልቃድር፦ እሺ ዘይነባ፣ ነገ እሰጥሻለሁ።

ማንም ቀፊራ ላይ እንዲህ አይነጋገርም። ሁለቱ ከተዋወቁ፦

ዘይነባ፦ አቦ ቃድሮ! ሒሳቡስ?
አብዱልቃድር፦ ዘይኔ፣ ወላሂ ነገ።

ከንግግሩ በፊት ያለው መለያ ስም እንዳልተነካ ልብ ይበሉ። አጠራሩ የሚለዋወጠው በአፍ ላይ ነው፤ መለያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ገጽ 3 ላይ «ዘይነባ»፣ ገጽ 20 ላይ «ዘይኔ» ብለው መለያ ካደረጉ ሁለት ተዋናይ ይፈለግልዎታል። በንግግር መሐል ስም መጥራትን ራሱንም ይቆጥቡ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያወራ ስም የሚጠራው ሲቆጣ፣ ሲለምን ወይም ሲያባብል ነው። ድሬ ላይ ደግሞ «አቦ»ና «ወሪያ» የስሙን ቦታ ይይዛሉ፤ አንቱታም እንደ ሌላው አገር አይጠብቅም። ይህን ሐረር ከተማ ውስጥ ላደገ ሰው መንገር ባያስፈልግም፣ አዲስ አበባ ለሚኖር ተዋናይ ግን በጽሑፉ ላይ ካልታየ «እርስዎ» እያለ ይለማመድብዎታል።

ዕድሜን በሒሳብ ይሥሩት። ታሪኩ በ2017 ዓ.ም. ከሆነ የ70 ዓመቱ ሰው በ1947 ዓ.ም. ተወልዷል፤ ተፈራ ወይም በቀለ ያስኬዳል፤ ናሆም አያስኬድም። የ48 ዓመቱ ሰው በ1969 ዓ.ም. ስለ ተወለደ «አብዮት» ቢባል ማንም አይገረምም። በሙስሊሞቹ ቤት ደግሞ አያቷ ፋጡማ ወይም ከዲጃ፣ የልጅ ልጇ ኢክራም ወይም ሂባ ብትሆን ዘመኑ ይታያል። ኦሮሞው ገበሬ ሙሜ ከሆነ ልጁ «ሙሐመድ» ተብሎ ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ይችላል፤ ሁለቱም ያው አንድ ስም ናቸው፤ በአባትና በልጅ መካከል ያለውን ርቀት ግን ያለ ምንም ንግግር ያሳያሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «አደሬ» የሌሎች አጠራር ነው፤ ሐረሪዎቹ ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ» ይላሉ። ቃሉን በገጸ ባሕርይ አፍ ማስገባት ይችላሉ፤ ማን እንደሚለውና የሰማው ሰው ፊት ምን እንደሚሆን ግን አውቀውት ይሁን። በመግለጫው ክፍል፣ እርስዎ ራስዎ በሚናገሩበት ቦታ፣ «ሐረሪ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ በታሪኬ መጨረሻ ልጁ የሠፈሩ ነጋዴ ልጅ መሆኑ ይታወቃል። ነጋዴው በድሩ፣ ልጁ ሰሚር ነው። አንዲት አንባቢ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ነቃችብኝ። (ከድሬዳዋ፣ መጋላ)

መልስ፦ ትምህርት ቤት ትዕይንት ላይ «ሰሚር በድሩ» ተብሎ ስሙ ተጠርቶ ከሆነ፣ ምሥጢሩን እርስዎ ራስዎ ነግረዋታል። የእኛ አገር ስም አባትን በአደባባይ ያውጃል፤ ከውጭ ፊልም የተማርነው የምሥጢር አሠራር እዚህ ላይ ይሰበራል። ሁለት መውጫ አለ። ልጁ በአሳዳጊው፣ በአያቱ ወይም በአጎቱ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ ማብራሪያ አይፈልግም። ወይም ነጋዴው ፊልሙን ሙሉ በቅጽል ስሙ ብቻ ይጠራ፤ «በድሩ» የሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛው ወይም የቀበሌው ጸሐፊ ሙሉ ስሙን ሲያነብ ይሰማ። ይህኛው የተሻለ ነው፤ ተመልካቹ ምሥጢሩን ከፊልሙ ደራሲ አፍ ሳይሆን በራሱ ያገናኘዋል። ክርስቲያን ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ በር ነበረ፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚወጣው የክርስትና ስም ጎረቤት ሳያውቀው ኖሮ በፍትሐት ጊዜ ሊሰማ ይችላል።

እግረ መንገድዎን ሁለት ነገር ይፈትሹ። በአንድ እናት የሚገናኙ የሁለት አባት ልጆች ካሉ የአባት ስማቸው ይለያያል፤ ሙሉ ስማቸው አንድ ላይ ከተጠራ ያም ምሥጢር ይወጣል። ሚስትም የባልዋን ስም አትወስድም፤ «ወይዘሮ በድሩ» የሚባል ሰው በመጋላ የለም።

ጽሑፉ ላይ ኋላ የልጁ አባት ሆኖ የሚገኘውን ሰው እስከዚያው «ሰውዬው» ብለው ከሰየሙት፣ ማንነቱ በታወቀበት ትዕይንት አንድ ጊዜ «ሰውዬው (በድሩ)» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ «በድሩ» ብቻ።

ጥያቄ፦ በ1940ዎቹ በድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር የሚካሄድ ታሪክ ነው። ለባቡር ሠራተኞቹ ለፈረንሳዮቹና ለግሪኮቹ ምን ዓይነት ስም ልስጥ? (ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)

መልስ፦ ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ስለሆነ ከተማው ውስጥ የተወለዱ የግሪክና የአርመን ልጆች በ1940ዎቹ አማርኛ ይናገራሉ፤ ይህን ከስማቸው በፊት ያስቡበት። የውጭ አገር ሰውን ሰዉ «ሙሴ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ «ሙሴ ኮስታ»፣ «ሙሴ ዣን»። ጽሑፉ ላይ ስሙን የከተማው ሰው እንደሚለው ይጻፉት። የእኛዎቹ ደግሞ ማዕረግ አላቸው፤ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ባላምባራስ። ማዕረግ የተሰጠውን ሰው በስሙ ብቻ የሚጠራው ከእሱ የሚበልጥ ወይም የተጣላው ነው።

ጥያቄ፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ... አንዱን ስም በሦስት ዓይነት ጽፌዋለሁ። ለውጥ ያመጣል? (ከሐረር)

መልስ፦ ለአንባቢ አያመጣም፤ ለማሽኑና ለረዳት ዳይሬክተሩ ያመጣል። የፊልም መጻፊያው የኮምፒውተር ፕሮግራም የገጸ ባሕርያትን ዝርዝር የሚያወጣው በፊደል ስለሆነ ፀሐይ፣ ጸሐይና ጸሀይ ሦስት ሴቶች ናቸው። የቀረጻ ፕሮግራም ሲወጣ ተዋናይዋ አሥራ ሁለት ትዕይንት ኖሯት ሰባት ብቻ ይደርሳታል። የስሞቹን ዝርዝር በፊተኛው ገጽ አውጥተው እዚያ የተጻፈውን ፊደል ብቻ እየቀዱ ይለጥፉ። ኃይሌ፣ ሐና፣ ሠናይት፣ ዓለሙ እና እንደ ወልደ ማርያም ያሉ ሁለት ቃል ስሞች በተለይ ይጠበቁ። «ወልደ ማርያም» ከተነጠለ እስከ መጨረሻው ይነጠል።

ጥያቄ፦ ሠፈራችን ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሰው አለ፤ ቅጽል ስሙም አኳኋኑም ለፊልም የተፈጠረ ነው። እንዳለ ልውሰደው? (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እንዳለ አይውሰዱት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በሚያደርግና ስሙን በሚጎዳ ንግግር ወይም ጽሑፍ ተጠያቂነት እንዳለ ይደነግጋል። ስሙን ቀይረው ሥራውን፣ ሠፈሩንና አካሄዱን ከተዉት ገንደ ቆሬ በሙሉ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱን ይለውጡ፦ ቅጽል ስሙን፣ ሥራውን፣ ሠፈሩን። አኳኋኑን እንዳለ ያቆዩት፤ የፈለጉትም እሱን ነው። በራስዎ የፈጠሩትንም ሙሉ ስም ከተማው ውስጥ በዚያው ሥራ ላይ ያለ ሰው ይዞት እንደሆነ ይጠይቁ። ሐኪም ወይም ፖሊስ የሆነ ክፉ ገጸ ባሕርይ ካለዎት የአባት ስሙን ሳይጠሩ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ቢያስኬዱት ይሻላል።