«አላልኩሽም ነበር?» የሚለኝን ወንድሜን ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን ያስተዳደረው፣ እኔንም ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። በሒሳብ ሠራተኛነት ጥቂት ዓመታት ሠርቼ ሥራዬን ለቀቅኩና ካዛንቺስ ቁርስ ቤት ከፈትኩ። ወንድሜ ከጅምሩ ተቃወመኝ። «አንቺ የንግድ ሰው አይደለሽም። በሰው ቤት ላይ ለእድሳት ብር አታፍስሺ። ደግሞስ ዲግሪ ይዘሽ እንቁላል ስትጠብሺ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። እልህ ያዘኝ። የእቁብ ብሬን አወጣሁ፤ እማዬ ለምናልኝ እሱም ሳይወድ በግዱ 80 ሺህ ብር አበደረኝ። ቤቱን አሳድሼ ሴራሚክ አስነጠፍኩ። እውነቱን ለመናገር ሴራሚኩን ያስነጠፍኩት እሱ መጥቶ እንዲያይልኝ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቤቱ ኪራዩንና የሁለት ሠራተኞች ደሞዝ ከራሱ ገቢ መክፈል ጀምሮ ነበር። በ2017 ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ቤቱ ፈረሰ፤ ደንበኞቼም ተበተኑ። አሁን እማዬ ጋ ተመልሻለሁ። ወንድሜ እሑድ ለቡና በመጣ ቁጥር «አላልኩሽም ነበር?» ይለኛል። እማዬ «ሁሉም ለበጎ ነው» ትላለች። ጎረቤቱ ደግሞ «ከውድቀትሽ ተማሪ» ይለኛል። ምኑን ነው የምማረው? ቢሮ ልመለስ ወይስ እንደገና ከፍቼ ላሳየው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ተመልሼ ያነበብኩት የሴራሚኩን ነገር ነው። ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ሴራሚክ የሚያስነጥፈው ወይ ደንበኛ ስለሚወደው ወይ ለማጽዳት ስለሚቀል ነው። አንቺ ያስነጠፍሽው ለወንድምሽ ዓይን ነው። ይህን ደፍረሽ መጻፍሽ ሥራዬን አቅልሎልኛል።

ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የተምታቱብሽን ሁለት ነገሮች እንለያቸው። ወንድምሽ ተቃወመሽ፤ ቤትሽ ፈረሰ። ተከታትለው ስለመጡ የቤቱ መፍረስ ወንድምሽ ልክ እንደነበረ የሚያረጋግጥ መስሎሻል። እሱም መስሎታል። ግን እሱ «አትችዪም» አለ እንጂ «ሰፈሩ ይነሳል» አላለም። የካዛንቺስ ቁርስ ቤት ይኖር የነበረው ጠዋት ፉል በልቶ በሚወጣ የሰፈር ሰውና በዙሪያው ባሉ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ነው። የሰፈሩ ሰው ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ሲሄድ እንኳን ጀማሪ፣ ስንት ዓመት የሠራ ባለሆቴልም አይቋቋመውም። ስለዚህ እሑድ ቡና ላይ የሚጣልብሽ ፍርድ ማስረጃ የለውም።

ይህ ማለት ግን ወንድምሽ ምንም እውነት አልተናገረም ማለት አይደለም። የተናገረሽን ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ለየብቻ ጻፊው።

«የንግድ ሰው አይደለሽም።» ለዚህ መልስ የሚሰጠው የሒሳብ ደብተርሽ ነው። በስድስት ወር ኪራይና ደሞዝ መሸፈን የጀመረ ቁርስ ቤት፣ ትርፉ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ እግር ያወጣ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ተሳስቷል። «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ደግሞ ስለ አንቺ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው። ቤቱን ተሸክሞ አንቺን እዚህ ያደረሰ ሰው ዲግሪሽን እንደ ራሱ ላብ ሊቆጥረው ይችላል። አንቺ መጥበሻ ስትይዢ እሱ የታየው የራሱ ልፋት ሲባክን ይሆናል። ልናዝንለት እንችላለን። ለመኖር ግን የሱን ፈቃድ መጠበቅ የለብሽም።

መካከለኛዋ ግን፣ «በሰው ቤት ላይ ለእድሳት ብር አታፍስሺ» ያላት፣ ልክ ነበረች። ይመራል፣ አውቃለሁ። ካዛንቺስ ባይነሳ እንኳ አከራይሽ ድንገት «ልቀቂ» ቢሉሽ ሴራሚኩን ነቅለሽ አትሄጂም። አንቺ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነሽ። ይህን ሌላ ሰው ቢነግርሽ ኖሮ ቁጭ ብለሽ ታሰዪው ነበር። ከሁለት ስድቦች መሀል ተሸጉጣ ስለመጣች አብረሽ ጣልሻት።

እንዲህ የሆነው አንቺ ላይ ብቻ አይደለም። ጃክ ብሬም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ሰው የመምረጥ ነጻነቱ የተነካበት ሲመስለው የተከለከለውን ነገር አብዝቶ ይፈልጋል። እኛ እልህ የምንለው ለዚህ ይቀርባል። እልህ ጉልበት ይሰጣል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተሽ ሊጥ የምታቦኪው በሱ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጆሮ ይደፍናል። ደግሞም ሥራውን የምትመሪው አንቺ ትመስያለሽ እንጂ የሚመራው ተቃዋሚሽ ነው፤ እሱ «አይሆንም» ባለበት በኩል ሁሉ ትሄጃለሽና። አሁን «ላሳየው» ብለሽ ከከፈትሽ ሁለተኛውም ቤት የሱ ነው የሚሆነው።

«ሁሉም ለበጎ ነው»ን በተመለከተ፣ እናትሽ ሊያጽናኑሽ ነው፤ አትቀየሚያቸው። ግን ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህ ቃል ቶሎ ሲመጣ «አታልቅስ» እንደማለት ነው። ከደረሰባቸው ከባድ ነገር በኋላ የሚያድጉ ሰዎችን ያጠኑት ሪቻርድ ቴደስኪና ሎውረንስ ካልሁን ሁለት ነገር ይላሉ። ዕድገቱ የሚመጣው ከደረሰው ነገር ሳይሆን ሰውየው ከነገሩ ጋር ከሚያደርገው ትግል ነው። ዕድገት መጣ ማለት ደግሞ ሕመሙ ሄደ ማለት አይደለም፤ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። አንቺ የከሰርሽው ብር ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በስምሽ የሚጠሩሽን ሰዎች፣ የሠራተኞችሽን ጫጫታ፣ «የኔ» የምትዪውን በር አጥተሻል። ለሱ ማልቀስ ያለብሽን ያህል አልቅሺ። ትምህርቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

አንድ ነገር ሞክሪ። ጄምስ ፔኒቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ስላጋጠማቸው ከባድ ነገር በቀን 15 ደቂቃ፣ አራት ቀን በተከታታይ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። የደረሰባቸውንና ስሜታቸውን አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው ከጻፉ በኋላ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ክሊኒክ የሚሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። አንቺም ጻፊ። ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም፤ ለማንም አታሳዪውም። የመጨረሻው ቀን ላይ ግን ይህን ጥያቄ ጨምሪ፦ «ወንድሜ ባይኖር ኖሮ ምን ዓይነት ቤት እከፍት ነበር?» መልሱ «ምንም አልከፍትም ነበር» ከሆነም ቁም ነገር ነው። ቢሮ መመለስ ሽንፈት የሚሆነው ሕይወትሽን ከወንድምሽ ጋር የገጠምሽው ውድድር ካደረግሽው ብቻ ነው። ወይም ለአንድ ዓመት ቢሮ ገብተሽ፣ ቅዳሜና እሑድ ለቢሮዎች በትእዛዝ ቁርስ… አይ፣ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ቢሮ ዝግ ነው። ለልደትና ለዝግጅት በይው። ዋናው ነገር ሒሳቡን አንቺ፣ በቀዘቀዘ ጭንቅላት መሥራትሽ ነው።

አሁን ወደ እሑዱ ቡና። ሰው ባለበት አትመልሺለት፤ እሱም ወደኋላ ማለት ያቅተዋል። ለብቻው አግኚውና እንዲህ በይው፦ «ወንድም ጋሼ፣ በእድሳቱ ልክ ነበርክ፤ ልሰማህ ይገባኝ ነበር። በንግዱ ግን ልክ አልነበርክም፤ ደብተሩን ላሳይህ እችላለሁ። በየሳምንቱ ‹አላልኩሽም› ስትለኝ ግን ምክርህን ትቼ ቁጣህን ብቻ ነው የምሰማው።» ሳያቋርጥ ይሰማሻል ብዬ ቃል አልገባም። ምናልባት «ልክ ነበርክ» የምትለዋን ብቻ ይዞ «አየሽ!» ይልሽ ይሆናል። ያኔ አትከራከሪ፤ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ተይለትና ውጪ።

እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነና ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን በጽሑፍና በምክር ብቻ አትያዢው። ባለሙያ ፊት ለፊት አግኚ። አማኑኤል ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚም ያያል፤ «እዚያ የሚሄደው ያበደ ነው» የሚለውን የሰፈር ወሬ ተይው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ለምታምኚው ሰው ነግረሽ አብራችሁ ሂዱ።

የ80 ሺውን ብር ነገር ደግሞ አታድበስብሺው። እሱ ሳይጠይቅሽ በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ ብለሽ በወረቀት አስፍረሽ ስጪው፤ ሁለት ሺህም ቢሆን። የመጀመሪያውን ክፍያ ከሚቀጥለው የእሑድ ቡና በፊት አድርሺለት።