«ኩላሊቴን ልስጥሽ ብላት ተቆጣችኝ»

ውድ ጠያቂያችን፣ የታላቅ እህትሽ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው እንደሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት እንደምታመላልሻት ጽፈሻል። ሙዝና ብርቱካን ከቤት አስወጥተሻል፤ የምትጠጣውን ውኃ ሳይቀር ትለኪያለሽ። ኩላሊትሽን ልትሰጫት ብትጠይቂያት ግን «ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አለችሽ። «ምን በደልኳት?» ነው ጥያቄሽ።

ድካምሽን አላቃልልም። ነገር ግን ደብዳቤሽ መሀል እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ፦ አምና ከባለቤትሽ ጋር ተለያይታችኋል፤ «እንዳትጨነቅ ብዬ ደበቅኳት፣ በኋላ ከጎረቤት ሰማች» ትያለሽ።

እናታችሁ ካረፈች ጀምሮ «እታለም» እያልሽ ያደግሽው በእሷ እጅ ነው። ሽማግሌ ሲላክም ተቀምጣ መልስ የሰጠችው እሷ ነበረች። የዚያን ትዳር መፍረስ ነው ከጎረቤት የሰማችው! የታመመ ሰው ሥራው ይቀርበታል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ የሚበላው እንኳ ይመረጥለታል። እህትሽ የቀራት ታላቅነቷ ነበር። ፊቷ ማልቀስና «ምን ልሁን?» ብለሽ መጠየቅ ስትተዪ፣ አስበሽላት ቢሆንም፣ ገና በሕይወት ሳለች ከሰው ተራ ያወጣሻት ነው የሚመስላት። ይህን ስልሽ እንዳይከፋሽ።

ኩላሊቱንም በንቀት እንቢ ያለች አይመስለኝም። በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር መሠረቱ በሕይወት ያለ ዘመድ የሚሰጠው ኩላሊት ነበር። ስለዚህ የብዙ ታማሚ ዓይን እህት ወንድሙ ላይ ያርፋል። እሷ ግን አንቺን የምታየው እንደ ልጇ ነው፤ ልጇ በእሷ ምክንያት ቢላዋ ሥር እንድትገባ አትፈልግም። ደግሞም ስለ ራሷ የምትወስነው ሌላ ምን ቀራት?

የሚበጀው ምናልባት ይህ ነው። የእጥበቱ ወንበር ላይ አራት ሰዓት ያህል ትቀመጣለች፤ አንድ ቀን ስለ ሕመሟ ሳታነሺ የትዳርሽን ነገር ንገሪያት። መጀመሪያ ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ። የውኃውን ልኬት ራሷ ትያዘው። የኩላሊቱን ጉዳይ ለጊዜው ተዪው፤ ራሷ ካነሳችው ሐኪሟ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፣ ለየብቻም ያነጋግሯችሁ። ቶሎ ካልተለወጠች ተስፋ አትቁረጪ።

አንቺም ፍቺና ማስታመም ባንድ ዓመት ተደራርበውብሻል። በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለምና ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ተነጋገሪ፤ ስለ እህትሽ ሳይሆን ስለ ራስሽ።