ባትሪው ከሞላ በኋላ ፀሐይዋ ለማን ትወጣለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። መብራት ሲመላለስብን ባለቤቴ ጣሪያ ላይ 4 ባለ 450 ዋት ፓኔል አስገጠመ። ባትሪዎቹ 2 ናቸው፣ ባለ 200 አምፒር ሰዓት ጄል። በበጋ ገና 5 ሰዓት ሳይሆን ሞልተው ቁጭ ይላሉ። ጎረቤታችን «ትርፉ መውጫ ካጣ ባትሪውን ይጨርሰዋል» ይሉናል፣ የገጠመልን ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ባትሪ ግዙ እያለ ነው። የማንን እንስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሁለቱንም አትስሚ። ትርፍ የምትዪው ኤሌክትሪክ እኮ ገና አልተመረተም። ባትሪው ሲሞላ ቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ከፓኔሉ የሚቀበለውን ይቀንሳል፣ ፓኔሉም ጣሪያ ላይ ትንሽ ሞቅ ብሎ ይቀመጣል፣ በቃ። ጎረቤትሽ የሰሙት ምናልባት የነፋስ ተርባይን ወሬ ይሆናል፤ እሱ ኤሌክትሪኩን የሚጠቀምለት ዕቃ ሲያጣ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ትርፉን የሚያቃጥልለት ማሞቂያ ይፈልጋል። ሶላር አይፈልግም። ባትሪሽን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፦ ኮንትሮለሩ ለጄል ሳይሆን ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ ተስተካክሎ ከሆነ ከልክ በላይ ይሞላዋል። ልጁን ጠርተሽ እሱን አሳየኝ በዪው።

ሦስተኛ ባትሪ ግን እኔ ብሆን አልገዛም። ሁለቱ በ24 ቮልት ተያይዘው ከሆነ አንድ ብቻ መጨመር አይቻልም፣ ጥንድ ነው የሚጨመረው። አዲስና አሮጌ ሲቀላቀል ደግሞ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ከሁሉ በላይ የጅማን ክረምት አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ! ለጥርና ለየካቲት ፀሐይ ብለሽ የገዛሽው ባትሪ ሐምሌ ላይ በደመና ጎዶሎውን ይከርማል፣ ጎዶሎ የከረመ ጄል ደግሞ ዕድሜ የለውም።

ይልቅ ሥራሽን ወደ ቀን አምጪው። ማታ የምትተኩሺውን ልብስ 6 ሰዓት ላይ ተኩሺው፣ ስልኩም ላፕቶፑም ያኔ ይሞላ። ሮቶ በፓምፕ የምትሞሉ ከሆነ ለዚህ የሚመች ሥራ የለም፤ ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ የሚበላው ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ብቻ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ካውያው ተነቅሎ ይነሳ። ውሃ ማሞቅም ጥሩ ነው። 60 ሊትር ውሃ ላይ 25 ዲግሪ ለመጨመር 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ይሄ ከሰዓት በኋላ ከሚባክንብሽ ላይ በቀላሉ ይወጣል፤ 800 ዋት ገደማ የሆነ ማሞቂያ ካገኘሽ ባትሪውን ሳይነካ ከፓኔሉ በቀጥታ ይሠራል።

እኔ በጣም የምወደው ግን የፍሪጅ ነገር ነው። ባዶ ሃይላንዶች ውሃ ሙዪና ፍሪዘር ውስጥ ደርድሪያቸው፤ አፍ እስካፋቸው አትሙዪ፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ይፈነዳሉ። ቀን ማስተካከያውን ወደ ብርዱ አዙሪው፣ ማታ መልሺው። በረዶው ሌሊቱን ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ አይነሳም፣ ባትሪሽም ያርፋል። ከባትሪ የረከሰ ማጠራቀሚያ ነው፣ ዋጋውም ባዶ ፕላስቲክ።

የእንጀራ ምጣዱን ግን እርሺው። 3,000 ዋት አልፎ ይበላል፣ ያንቺ ፓኔሎች ደግሞ በወረቀት እንኳ 1,800 ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ ፓኔልም አለኝ። ትርፉን በቆጣሪው በኩል ወደ መስመር ብለቀውስ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድና ያለ ውል በፍጹም። ተራ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን 220 ቮልት የሚቀይረው) ከመንግሥት መስመር ጋር አብሮ እንዲሠራ አልተሠራም፣ መብራት ድንገት ሲመጣ የመጀመሪያው የሚቃጠለው እሱ ነው። ያ ባይሆን እንኳ ቆጣሪህ የለቀቅከውን እንደተጠቀምክ ቆጥሮ ካርድህን ሊበላ ይችላል። የባሰው ግን ሌላ ነው። መብራት ጠፍቶ ሳለ ካንተ ቤት የወጣው 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሲያልፍ ሺዎች ቮልት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ ደግሞ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የወጣው። ቤትህ ውስጥ ሶላርና መስመር በአንድ ገመድ የሚገናኙ ከሆነ ማብሪያው «ወይ ይሄ፣ ወይ ያ» የሚያደርግ መሆኑን በኤሌክትሪሺያን አስፈትሽ፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚበሩ ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይረው።