የትኛውን ሊኑክስ ልጫን? ለተላኩልኝ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ይዘው «አሁን ምን ልጫንበት?» የሚሉ ሰዎች ጥያቄ በርክቶልኛል፤ ብዙ ጊዜ መልሴ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ሥርዓተ ክወና፣ ሊኑክስ ነው። ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጬ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ወደፊት የምትጠይቁ ሁሉ ከዲስትሮው (ከሊኑክሱ ዓይነት) ስም በፊት የማሽኑን ሞዴል፣ የራሙን መጠንና የዲስኩን ዓይነት ጻፉልኝ፤ አብዛኛውን መልስ የሚወስነው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ሲሆን 4 ጊጋባይት ራም አለው። ዊንዶውስ 11 አልጫንም አለኝ። የቱ ሊኑክስ ይሻለኛል?

መልስ፦ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን፣ በተጨማሪም ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ነው እምቢ ያለዎት፤ ማሽንዎ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ለእርስዎ ሊኑክስ ሚንትን፣ ከእርሱም ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ እትም እመርጥልዎታለሁ። የሚንት 22 እትሞች በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠሩ በመሆናቸው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛሉ፤ ዋናው ሜኑም ዊንዶውስ ሲጠቀሙ በለመዱት በታችኛው ግራ ጥግ ስለሚገኝ ብዙ አይደናገሩም።

ራምዎን የሚበላው ሊኑክሱ ሳይሆን ብራውዘሩ ነው። ሃያ ገጽ በአንድ ጊዜ የመክፈት ልማድ ካለዎት የትኛውም ዲስትሮ አያድንዎትም። ዲስክዎ አሁንም የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ግን ገንዘብ ሲገኝ ከሁሉ በፊት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ያስገቡበት፤ በዚያ የሚያገኙትን ፍጥነት ዲስትሮ በመቀያየር አያገኙትም።

ዊንዶውሱን ከማጥፋትዎ በፊት ሚንትን ከፍላሽ አስነስተው፣ ምንም ሳይጭኑ፣ ግማሽ ሰዓት ይሥሩበት። ዋይፋይ ይገናኙ፣ ድምፅ ያጫውቱ፣ ካሜራውን ይክፈቱ፤ ከዚያ የላፕቶፑን ክዳን ዘግተው መልሰው ይክፈቱት። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ፈተና ይዘለዋል፤ ከተኛ በኋላ የማይነቃ ላፕቶፕ ግን በየቀኑ ያስመርራል።

ጥያቄ፦ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ አርች እየተባለ ይወራል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) በሁሉም ውስጥ አለ፤ ዲስትሮ የምንለው ከርነሉን ከዴስክቶፑና ከፕሮግራሞቹ ጋር ጠቅልሎ የሚያቀርበውን ነው። ዴቢያን በ1993 ተጀመረ፤ ኡቡንቱ በ2004 ከዴቢያን፣ ሚንት ደግሞ በ2006 ከኡቡንቱ ወጣ። ስለዚህ ሦስቱ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው፤ ለአንዱ የተጻፈ መፍትሔ ብዙ ጊዜ ለሌላውም ይሠራል። ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ እያንዳንዱ እትም የሚደገፈውም ለአሥራ ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። አርች እትም የሚባል ነገር የለውም፤ ያለማቋረጥ ይታደሳል።

በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። አርችን በካርድ በተሞላ ዳታ ማደስ ጎተራን በማንኪያ እንደ መሙላት ነው። ቢሮዎ ጥሩ መስመር ካለው ፌዶራ መልካም ምርጫ ነው፤ ከሌለው ግን ከሚንት ወይም ከዴቢያን አይውጡ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ባለ 32 ቢት ኔትቡክ አለኝ። ተስፋ አለው?

መልስ፦ ትንሽ አለው። ኡቡንቱና ሚንት 32 ቢትን ከተዉ ቆይተዋል፤ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 13ም ለ32 ቢት ፒሲ የሚሆን መጫኛ የለውም። ዴቢያን 12ን ከኤክስኤፍሲኢ ጋር ይጫኑና ለጽሕፈት ያውሉት።

ጥያቄ፦ ጭነቱ መሐል ላይ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

መልስ፦ ያወረዱት ፋይል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የሚንት ፋይል ወደ ሦስት ጊጋባይት የሚጠጋ ሲሆን፣ እየተቆራረጠ በሚመጣ ኢንተርኔት ሲወርድ ሳይሟላ ያለቀ መምሰሉ የተለመደ ነው። የፋይሉን ኤስኤችኤ256 ቁጥር (እንደ ጣት አሻራ ፋይሉን የሚለየውን) አውጥተው በሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች ፋይሉን ይጣሉት። እንደገና ሲያወርዱ በቶረንት (ፋይልን ቁርጥራጭ አድርጎ በሚያወርድ መንገድ) ያድርጉት፤ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፍላሹ ይዞራል፤ ሌላ ፍላሽ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ሚንት ጫንኩ፤ ዋይፋይ የሚባል ነገር ግን አይታይም። ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይህ የብሮድኮም ቺፕ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ይገጥማል፤ አንዳንዶቹ የአምራቹን ዝግ ድራይቨር ስለሚፈልጉ ነው። መውጫው ስልክዎ ነው፦ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙትና ከሆትስፖት ቅንብሩ ሥር «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ያብሩ። ሊኑክሱ ስልኩን በገመድ እንደ መጣ ኢንተርኔት ይቆጥረዋል። ከዚያ ድራይቨር ማኔጀርን ከፍተው የሚመክርዎትን ይጫኑና ላፕቶፑን አጥፍተው ያስነሱ።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኮምፒውተሬ ጥቁር ስክሪን ላይ እንግሊዝኛ ጽፎ ቆመ። ፋይሎቼ ጠፉ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደንግጡ፤ ከመቶ ዘጠናው ጊዜ ፋይሎቹ አሉ ብል ብዙ አልሳሳትም። በላኩልኝ ፎቶ ላይ የመጨረሻው መስመር በቅንፍ ውስጥ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ይላል። ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል አደራጅ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ መዝገብ ላይ ስለሚያሰፍር፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያቃናል፤ ጉዳቱ ከዚያ ሲያልፍ ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ መንካት አይወድም፣ እርስዎን እየጠበቀ ነው የቆመው።

ከዚያ መስመር ከፍ ብለው ያንብቡ፤ «ዴቭ ኤስዲኤ2» የሚል የክፍልፋዩ (ሊኑክሱ ያለበት የዲስኩ ክፍል) ስም አለ። አሁን በላቲን ፊደላት ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ ብለው አንድ ላይ ይጻፉ፤ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ትንሿ ዋይ ይከተሉ፤ ከዚያም ሌላ ክፍት ቦታ ትተው የክፍልፋዩን ስም ከነሕዝባሩ ልክ ስክሪኑ ላይ እንዳዩት ይገልብጡና ኢንተር ይምቱ። ዋይዋ «ለምትጠይቀኝ ሁሉ አዎ» ማለት ናት። ጽሑፉ እየተንከባለለ ይወርድና የፋይል ሥርዓቱ መስተካከሉን ተናግሮ ያበቃል፤ «ሪቡት» ብለው ይጻፉ።

መብራት ሳይጠፋ ይኸው ነገር ከተደጋገመ ግን ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጥገናውን ይተዉና አስቀድመው ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን አሉኝ። ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ ይዛባል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሆን?

መልስ፦ የእኛ አቆጣጠር ቢሆን ልዩነቱ ስድስት ሰዓት በሆነ ነበር፤ የእርስዎ ግን ሦስት ነው፣ ምስጢሩም እዚያ ላይ ነው። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ይጽፋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ የተጻፈውን እንደ አካባቢው ሰዓት ያነበዋል። አዲስ አበባ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዊንዶውስን ሲከፍቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ያገኙታል። ሊኑክሱ ማዘርቦርዱ ላይ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጽፍ በአንድ የተርሚናል ትእዛዝ ማስማማት ይቻላል። በዚያው ዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን ያጥፉት፤ ሳይጠፋ ከቀረ የዊንዶውሱ ክፍልፋይ በሊኑክስ ሲከፈት የሚነበብ ብቻ እየሆነ ያስቸግርዎታል።

ጥያቄ፦ አማርኛ እንዴት ልጻፍ? የድሮ ሰነዶቼስ ለምን የላቲን ዝባዝንኬ ሆኑ?

መልስ፦ አይባስ የተባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራምና ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪውን ይጫኑ፤ ከዝርዝሩ አማርኛን፣ በሴራ አጻጻፍ የሚለውን ይምረጡ። በላቲን «ሰላም»ን እንደሚሰማ ሲተይቡት ሰላም ይሆናል፤ ትንሿ ቲ ተን፣ ትልቋ ቲ ጠን ትሰጣለች።

ሰነዶቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ያገለገሉት፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚያለብሱ ነበሩ። ፎንቱ ሲነሣ ከሥር ያለው ላቲን ይታያል። የድሮውን ፎንት ፋይል ከዊንዶውሱ ገልብጠው ሊኑክሱ ላይ ሲጭኑት ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል፤ ለዘለቄታው ግን ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ፒችትሪ ላይ ነው የምውለው። ልሻገር?

መልስ፦ አይሻገሩ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው ፕሮግራም) በኩል አስነሳዋለሁ ብሎ የደንበኛን መዝገብ ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም። የቢሮው ማሽን ባለበት ይቆይ፤ ሚንቱን ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ ይጫኑት።