በተኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ለምን ወደ ላይ ይንሳፈፋል?

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለአንድ ኬክ ቤት ዌብሳይት እየሠራሽ ነው። «አሁን ይዘዙ» የሚለው ጽሑፍ በተኑ (ደንበኛ የሚጫነው ቁልፍ) መሀል አልቀመጥ ብሎሻል። ላፕቶፕሽ ላይ ስታስተካክዪው ስልክ ላይ ይበላሻል። ስልኩ ላይ ሲስተካከል ደግሞ የደንበኛሽ ማክ ላይ ይበላሻል። እንዲህ ስትይ 3 ሳምንት አለፈ። «2 ፒክስል ናት፣ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ» ብለሻል።

ዓይንሽን አልነቅፍም። 2 ፒክስል፣ ማለትም 2 የስክሪን ነጥብ፣ የሚያይ ዓይን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። እኔም ልክፍቱ አለብኝ፤ ሚስቴ ካፌ ገብተን ሜኑ ሲመጣ ከእጄ ትቀማኛለች። ግን 3 ሳምንት ሙሉ የገፋሽው ጥላውን ነው።

ነገሩ የገባኝ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን ጣል ባደረግሻት ነገር ነው። «የሚገርመው 450 የሚለው ቁጥር ቆንጆ ተቀምጧል፣ ብር የሚለው ብቻ ነው ወደ ላይ የሚወጣው» ትያለሽ። በቃ፣ እሷ ናት። ቁጥሩና ፊደሉ የመጡት ከተለያየ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ስብስብ) ነው። የመረጥሽው የላቲን (የእንግሊዝኛ ፊደል) ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ቤቱ ያገኘውን ፎንት ይሰካል። ዊንዶውስ ኢብሪማን ወይም ኒያላን፣ ማክ ከፋን፣ አንድሮይድ ኖቶን። አንቺ አንድ በተን እያስተካከልሽ ይመስልሻል እንጂ ሦስት የተለያዩ ፎንቶችን ነው የምታሳድጂው።

አረጋግጪ። ክሮም ላይ «450 ብር» የሚለውን ራይት ክሊክ አድርጊና ኢንስፔክት በዪ። ኮምፒውትድ የሚለውን ከፍተሽ እስከ ታች ውረጂ። ሬንደርድ ፎንትስ የሚል ታገኛለሽ። እዚያ ሁለት ስም ካየሽ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ማየት ብቻ ግን! ምንም ፋይል ከመንካትሽ በፊት ባክአፕ (የፋይሎቹን ቅጂ) ውሰጂ። ላይቭ ሳይት (ሰው እያየው ያለ ገጽ) ላይ አትሥሪ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። እያንዳንዱ ፎንት የማይታይ ሳጥን አለው። ፊደሉ ከሚቆምበት መነሻ መስመር በላይ ስንት፣ ከመስመሩ በታች ስንት እንደሚይዝ የሚወስነው ፎንቱን የሠራው ሰው ነው። ብራውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው ገጽ ማሳያ) መሀል የሚያስቀምጠው ሳጥኑን እንጂ ፊደሉን አይደለም። የበተንሽ ላይን-ሀይት (ለአንድ መስመር የሚመደብ ቁመት) 40 ፒክስል ነው እንበል። ፎንቱ ከመስመሩ በላይ 16፣ ከመስመሩ በታች 6 ይይዛል እንበል። ሳጥኑ 22 ሆነ። የቀረውን 18 ብራውዘሩ እኩል ይከፍለዋል፤ 9 ከላይ፣ 9 ከታች። የፊደሉ ቁመት 12 ቢሆን ከፊደሉ ራስ በላይ 13 ፒክስል ባዶ አለ፣ ከእግሩ በታች ግን 15። ስለዚህ ፊደሉ ከመሀል 1 ፒክስል ከፍ አለ። ሌላ ስልክ ላይ ያለው ፎንት ደግሞ 15 ከላይ፣ 9 ከታች ቢይዝስ? ሳጥኑ 24፣ የቀረው 16፣ ለየጎኑ 8። ከላይ 11፣ ከታች 17። አሁን ፊደሉ 3 ፒክስል ከፍ አለ። በአንዱ 1፣ በሌላው 3። እንቅልፍ የነሳችሽ 2 ፒክስል ይህቺው ናት።

ደግሞ ከታች ያ ሁሉ ቦታ ለምን ተተወ? እንደ g እና p ላሉ የላቲን ትንንሽ ፊደላት ጅራት ነው። የእኛ ፊደል ካፒታልና ትንሽ ብሎ ነገር አያውቅም። «ለ» እና «በ» መስመሩ ላይ በእግራቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ወደ ታች የሚንጠለጠል ጅራት የላቸውም። ጅራት የሌለው ፊደል ለጅራት በተሠራ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ወደ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ይህን አንድ ጊዜ ካየሽው በኋላ የአማርኛ ዌብሳይት ሁሉ ላይ ታዪዋለሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወደላክሽልኝ ፋይል ስመጣ ግን ደሜ ፈላ። ከአንቺ በፊት የሠራው ልጅ «ማርጂን-ቶፕ ማይነስ 3 ፒክስል» (ከላይ ያለውን ባዶ ቦታ 3 ፒክስል ቀንስ) ብሎ ወትፏል። ከሥሩ «ኢምፖርታንት» (ሌላውን ትእዛዝ የሚሽር ቃል)፣ አሁንም ከሥሩ ሌላ «ኢምፖርታንት»። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ሥር ካርቶን አጥፎ እንደ መሰካት ነው። ቀጣዩ ሰው ካርቶኑን አያይም፣ ሁለተኛ ካርቶን ይጨምራል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ቴምፕሌቱም (ዝግጁ የገጽ ንድፉ) ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት የተሰበረ ነው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቴምፕሌት ውስጥ ማን ምን እንደቀበረበት ማወቅ አይቻልም። ደንበኛሽ ለኬክ ማሳያ ፍሪጅ ገንዘብ አውጥቶ ለቴምፕሌት መሰሰቱ አይገባኝም። አዲስ አስገዢው።

መፍትሔው አጭር ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጂ። ነፃ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 900 ውፍረት አለው። ሁለቱ ይበቁሻል፤ 400 እና 700። በዎፍ2 (ለዌብ የተጨመቀ የፎንት ፋይል) ፎርማት ሆስቲንግሽ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር) ላይ አስቀምጪው። ፎንት-ፌስ (ፎንቱን ለገጹ የሚያስተዋውቀውን ትእዛዝ) ስትጽፊ ዩኒኮድ-ሬንጁን (ፎንቱ የሚሠራባቸውን ፊደሎች ክልል) ከ1200 እስከ 139ኤፍ ገድቢው፤ አማርኛ የሌለበት ገጽ ሲከፈት ፎንቱ በከንቱ አይወርድም። ፎንት-ፋሚሊ (የፎንቶቹ ቅደም ተከተል) ውስጥ የላቲኑን አስቀድሚ፣ ኖቶን አስከትዪ። ላይን-ሀይቱን ያለ ፒክስል 1.6 አድርጊው። ከዚያ የተወተፉትን ማይነሶች አንድ በአንድ አጥፊ። አንድ ታጠፊያለሽ፣ ታያለሽ፣ ሌላ ታጠፊያለሽ። ሁሉንም በአንዴ ከነቀልሽ የትኛው ምን ተሸክሞ እንደነበር አታውቂም።

«ጭማቂ የሚለው ርዕስ ተጨማልቋል» ያልሽውም በዚሁ ይድናል። ኒያላ ቦልድ (ወፍራም ቅርጽ) የለውም። ብራውዘሩ ራሱ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፣ «ጭ» ውስጡ ይደፈናል። እግረ መንገድሽን አማርኛውን ኢታሊክ ማድረግም ተዪ፤ ፊደሉ ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስላል። አራት ነጥብ መስሏቸው ሁለት ሁለት ነጥብ የደረደሩበትንም ቦታ ፈልገሽ በ«።» ተኪው። ይህን ደንበኛው አያይም። አንቺ ግን ታያለሽ።

ፎንቱ አንድ ከሆነ በኋላ ልዩነቱ በሁሉም መሣሪያ እኩል ይሆናል። ያኔ በተኑ ላይ ፓዲንግ-ቶፕ (ከጽሑፉ በላይ ያለ ባዶ ቦታ) 0.1 ኢኤም፣ ማለትም የጽሑፉን መጠን አንድ አሥረኛ፣ ጨምሪ፣ የገጹ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ብቻ። በፒክስል አትጻፊው፤ ጽሑፉ ሲያድግ አብሮ አያድግም። በሦስቱ መሣሪያ አንድ አንድ ጊዜ እዪውና ለደንበኛሽ ላኪለት። ከዚያ በኋላ ስልክሽን ፊትሽ ላይ አስጠግተሽ የምታገኚያት ግማሽ ፒክስል ካለች ከእሷ ጋር መኖር ልመጂ። ኬክ ሊገዛ የመጣ ሰው ስልኩን እንደዚያ አይዝም።

ባክአፕ የምለው ለወግ አይደለም። አንድ የገና ሰሞን «ትንሽ ነገር ናት» ብዬ የደንበኛ ዌብሳይት መልክ የሚወስነውን ፋይል ቀጥታ ሆስቲንጉ ላይ ከፍቼ አስተካከልኩ። ሴቭ ስል መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ 0 ኪሎባይት ነበር። የዕቃ ዝርዝሩ፣ ዋጋው፣ ሁሉም ነጭ ገጽ ላይ ተዝረክርኳል። ሰውየው ደግሞ ለበዓል ገበያ ማስታወቂያ ለቆ ነበር። ሌሊቱን ከትዝታዬ ስጽፍ አነጋሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ባክአፕ፣ ከዚያ ፎንት። ኮፒውን ላፕቶፑ ላይ ብቻ አትተዪው፤ ፍላሽ ላይም አድርጊ።